ብረቱ ሞልቶ ጋሪው ሲጠፋ

አስረሳች አቤሴሎም ደም የተቀባበት የመስታወት ስላይድ ስታነብ ቬንትሌተሩን ታጠፋለች። ሰመራ ላይ፣ በግንቦት፣ እኩለ ቀን ላይ ቬንትሌተር ማጥፋት በራስ ላይ መፍረድ ነው። ነፋሱ ግን ወረቀቱን ይበትናል፣ አቧራውን ደሙ ላይ ያለብሰዋል፤ ከሁሉም በላይ ድምፁ ሐሳቧን ይሰርቃታል። "ደም የሚነበበው ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ነው" ትላለች። የላቦራቶሪው ባልደረቦቿ ላባቸውን እየጠረጉ ይስቁባታል እንጂ አይከራከሯትም። ለጡረታ ስምንት ወር የቀራትን ሰው ማን ይከራከራል?

በዚያ ሰኞም አጥፍታው ነበር። ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለው ስላይድ የአራት ወር እርጉዝ ሴት ደም ነው። ጠዋት ያየው ባልደረባዋ "ወባ፣ ጥቂት" ብሎ ጽፎበታል። ወባ የተባለን ስላይድ ሁሉ ደግማ ማየት የአስረሳች ሥራ ስለሆነ ሌንሱን አስተካክላ ጎንበስ አለች።

ቀይ የደም ሕዋሶቹ ትንንሾችና ገርጣ ያሉ ናቸው። በጥቂቶቹ ዳር ዳር ሁለት ሦስት እየሆኑ የተጠጋጉ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቁ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። አስረሳች ስላይዱን ገፋ፣ ሳብ፣ ደግሞ ገፋ አደረገችው።

"ዓይን የለውም" አለች ለብቻዋ።

በሠላሳ ሦስት ዓመት ሥራዋ የወባ ተውሳክ ያላየችበት ሳምንት የለም። ቀለበቱ ሰማያዊ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ቀይ ነጥብ ይኖራል። እሷ ያችን ቀይ ነጥብ "ዓይን" ትላታለች። እነዚህ ግን ቀለበትም ዓይንም የሌላቸው ጭፍን ነጥቦች ናቸው። ወባ አይደለም። ታዲያ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ነው። የተወለደችው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ ነው። አባቷ አቶ አቤሴሎም የምድር ባቡር ገጣጣሚ ነበሩ። ሌሎች ልጆች ሊቶሪናው፣ የመንገደኛው ባቡር፣ ሲመጣ ለተሳፋሪዎቹ እጃቸውን ሲያውለበልቡ እሷ ከመንኮራኩሩ ሥር ተንበርክካ ምኑ ከምኑ እንደተያያዘ ታይ ነበር። አባቷም "ይቺ ልጅ ባቡር አትሳፈርም፣ ባቡር ትፈታለች" እያሉ ለጓደኞቻቸው ያወሩባት ነበር። ባቡሩን አልፈታችም፤ የሰው ደም ስትፈታ ኖረች። መጀመሪያ ሃያ ሁለት ዓመት አዋሽ ሰባት፣ ቀሪውን ሰመራ።

የስላይዱን ባለቤት ስም አየች። ኸሊዳ ከድሩ ይላል። ከላቦራቶሪው ወጥታ በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩትን ሴቶች እየቃኘች ጠራች።

"ኸሊዳ ከድሩ!"

አረንጓዴ ሻሽ የጠመጠመች፣ ከንፈሯ የነጣ፣ ግን ዓይኗ የሚስቅ ወጣት ተነሳች። "እትዬ አስረሳች፣ አላወቅሽኝም አይደል? እኔ ገና ከበሩ ስገባ ነው ያወቅኩሽ።"

"ማን ነሽ ልጄ?"

"አዋሽ ጤና ጣቢያ ደም ስትወስጂ እጅሽን የነከስኩሽ ነኛ! የኡሙሀኒ ልጅ። የታጁ እህት።"

አስረሳች እየሳቀች የግራ እጇን አውራ ጣት አሳየቻት። "ይኸው ምልክቱ! ጥርስሽ ያኔም ጥሩ ነበር። እዚህ ምን አመጣሽ ታዲያ?"

"ባለቤቴ ሎጊያ ሱቅ አለው። እዚያው ነን።"

"እናትሽ ደህና ናት? ታጁስ?"

"እማዬ አልሐምዱሊላህ። ታጁ ግን..." ኸሊዳ ትከሻዋን ሰበቀች። "ይደክመዋል። ስኳር ይዞታል፣ ጉበትህም አብጧል ብለውታል። አንቺ ያዘዝሽለትን የብረት ኪኒን ግን እስካሁን አላቋረጠም። እማዬ ታስቆጥረዋለች።"

የአስረሳች ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ። መስከረም ነበር፤ አዋሽ ላይ ሰው ሁሉ በወባ የሚንቀጠቀጥበት ወር። ታጁ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ቁርስ ቤት ከከፈተ ዓመት አልሞላውም። ገርጥቶ፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት መጣ። ደሙን አየች፤ ትንንሽ ሰማያዊ ነጥቦች ነበሩ። ወረፋው እስከ በር ድረስ ተሰልፏል፣ ወሩ መስከረም ነው፣ ዓይኗም ወባ ማየት ለምዷል። "ወባ" ብላ ጻፈች። የደም መጠኑም ዝቅ ያለ ነበርና እናቱ ኡሙሀኒ ከበሩ ላይ ክንዷን ይዛ "አስርዬ፣ ልጄን ምን አገኘብኝ?" ስትላት "ብረት አንሶት ነው። ብረት ይዋጥ፣ አይዞሽ" አለቻት። የተማረችበት መጽሐፍ እንደዚያ ነበር የሚለው። የገረጣ ደም ብረት ያነሰው ደም ነው። ከሥሩ ተሰምሮበት እንደነበር እንኳ ትዝ ይላታል።

ከወር በኋላ ታጁ ትንሽ ሻል አለው። ለምን እንደተሻለው ዛሬም አታውቅም። የኡሙሀኒ እምነት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ግንብ ጸና።

አስረሳች ስላይዱን ይዛ ወደ ዶክተር ምህረት ክፍል ሄደች። ዶክተር ምህረት ወደ ሰመራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋ ከአስረሳች የሥራ ዘመን ያንሳል። ምሳዋን በአንድ እጅ እየበላች በሌላው ካርድ ትሞላ ነበር።

"ዶክተርዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እየበላሽ ስሚኝ።"

የነጥቦቹን ነገር፣ የወንድምየውን ነገር፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ኪኒን አንድ በአንድ ነገረቻት። ዶክተር ምህረት ምሳውን ገፋ አደረገችው።

"ወላጆቻቸው ይዛመዳሉ?"

"ኡሙሀኒና ነፍሱን ይማርና ከድሩ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ከወሎ የመጡትም አብረው ነው።"

"እትዬ አስረሳች፣ እርስዎ የተማሩበት መጽሐፍ ስለ ማይቶኮንድሪያ ምን ይላል?"

"'የሕዋስ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው።' እንደዚህ ብለሽ ከመለስሽ አንድ ማርክ ታገኛለሽ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ ደወል ተደወለና ወጣን።"

ዶክተር ምህረት ሳቀች። "ትክክል ነው፣ ያመነጫል። ግን ሌላ ሥራም አለው፤ ያለዚያ ሥራ ሕዋሱ ጨርሶ የማይኖርበት። መገጣጠሚያ ክፍል ነው። ብረትና ድኝ ወስዶ ያጣምራል።"

"ድኝ? ይሄ የእሳተ ገሞራው ድኝ? የፍል ውሃው ሽታ?"

"እሱው ራሱ። ግን እንደዚያ ብቻውን አይደለም፤ ከምንበላው እንቁላልና ሥጋ፣ ከፕሮቲን ውስጥ እየነቀለ ነው የሚያወጣው። አንድ የሥራ ጠረጴዛ የሚመስል ፕሮቲን አለ። ብረቱና ድኙ እሱ ላይ ተቀምጠው ይገጣጠማሉ። ከዚያ ሌላ ፕሮቲን የተገጣጠመውን ተሸክሞ ለሚፈልጉት ያደርሳል። ያንን ጥምር ካላገኙ ሥራ የማይጀምሩ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ።"

አስረሳች ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ በገዛ ሰውነቷ ውስጥ ድኝ እንዳለ የሰማችው ዛሬ ነው። እጇን ገልብጣ አየችው፤ አዲስ ሰው የተዋወቀች ይመስል።

"እና ተሸካሚው ቢጠፋ?"

"እሱን ልልዎት ነበር። በዘር የሚወረስ እንዲህ ያለ በሽታ አለ፤ እጅግ ብርቅ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ብረት የሚቆጣጠር ዘበኛ አለ እንበል። የተገጣጠመው ጥምር ከደረሰው 'ብረት አለ' ብሎ ይቀመጣል። ተሸካሚው ከሌለ ግን አይደርሰውም፤ ስለዚህ 'ብረት የለም!' እያለ ይጮኻል። በዚያ ጩኸት ቀዩ የደም ቀለም መሠራቱን ያቆማል፣ ሰውየው ይገረጣል። ሕዋሱ ደግሞ ተጨማሪ ብረት ይስባል። ብረቱ ይገባል፣ ይከማቻል..."

"ጋሪው!" አለች አስረሳች።

"ምን አሉ?"

"ሐሰን ጋሪው!"

ዶክተር ምህረት ግራ ገባት። አስረሳችም ያልተጠየቀችውን ታሪክ እንደሚያወራ ሰው እጇን እያወናጨፈች ነገረቻት። አዋሽ ጣቢያ ሐሰን የሚባል ሰው ነበር። ሥራው አንድ ነው፤ አባቷና ጓደኞቻቸው ጠረጴዛቸው ላይ የገጠሙትን የፍሬን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ በሐዲዱ ማዶ ወደቆሙት ፉርጎዎች ማድረስ። ደመወዙ ከሁሉም ያነሰ ነው፣ ማንም ልብ አይለውም። አንድ ክረምት ሐሰን ታመመና ሦስት ሳምንት ቀረ። ፉርጎዎቹ ያለ ፍሬን ቆሙ። የማዶው አለቃ ዕቃ ስላልደረሰው ለድሬዳዋ "ብረት ላኩ" ብሎ ቴሌግራም መታ። ላኩ። አልደረሰውም፤ ደግሞ መታ፣ ደግሞ ላኩ። በዚህ ማዶ የአባቷ ክፍል በብረት ተሞልቶ በሩ አልዘጋ አለ፤ በዚያ ማዶ ደግሞ ብረት የለም ተብሎ እሪ ይባላል።

"በመጨረሻ አባቴ በእግሩ ሐዲዱን ተሻግሮ ሄደ። 'ብረቱስ ሞልቷል፤ ሐሰንን ስጡኝ' አለ።"

ዶክተር ምህረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እትዬ አስረሳች፣ እኔ ይህንን ያስተማሩኝ በሦስት ሰዓት ሌክቸር ነበር፤ ፈተናውንም ወድቄዋለሁ።" ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። "ግን ይኼ ጥርጣሬ ነው። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ደም ያነሳቸው እርጉዞች አብዛኞቹ እውነትም የሚያንሳቸው ብረት ነው፤ ለእነሱ ኪኒኑ ሕይወት ነው። ለኸሊዳ ግን የተከማቸውን ብረት የሚለካውን ምርመራ አዲስ አበባ እልካለሁ። ፌሪቲን ይባላል። ውጤቱ እስኪመጣ ዐሥር ቀን ብረቱን ላቆይላት።"

ዐሥር ቀን ለአስረሳች ረጅም ነበር። በተማረችበት ዘመን ብረትን በቀለም የሚያሳይ ዘዴ እንደነበር ትዝ አላት፤ አሮጌው መጽሐፏ ገጹ በላብ ወይቦ እስካሁን አለ። የሚያስፈልገው አንድ ቢጫ ጨውና ጥቂት አሲድ ነው። ሆስፒታሉ የለውም። ማታ ጎረቤቷን ታዴዎስን፣ የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህሩን፣ በር ላይ አገኘችው።

"ታዴዎስ፣ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ አለህ?"

"ሳያናይድ? እትዬ፣ ማንን ልትገድዪ ነው?"

"አለቃዬን። ጡረታዬ ሳይደርስ።"

"ለአለቃሽ ከሆነ ሙሉውን ጠርሙስ ውሰጂ!" አለና ሳቀ። "ለነገሩ ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራው፣ ይህኛው እንደሱ ገዳይ አይደለም። ልጆቹ ብረት ለመለየት ይሠሩበታል። ነገ አመጣልሻለሁ።"

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ስላይዱን ቀባች፣ ሃያ ደቂቃ ጠበቀች፣ አጠበች፣ ቬንትሌተሩን አጥፍታ አየች። ይህ ቀለም ብረት በሌለበት አይወጣም። ነጥቦቹ ግን እንደ ተማሪ ቤት ቀለም ደማቅ ሰማያዊ ሆነው ቁጭ ብለዋል። በገረጣው ደም ውስጥ ብረት ተቀምጧል፤ ሥራ ፈቶ። የመጀመሪያ ስሜቷ ደስታ ነበር፤ የእንቆቅልሽ መልስ ያገኘ ሰው ደስታ። የታጁ ፊት እስኪመጣባት ድረስ ብቻ።

ያን ዕለት ማታ ኸሊዳ ደወለች። ድምጿ ተጨንቋል።

"እትዬ፣ እማዬ ተቆጥታለች። ዶክተሯ ብረት አቆየችብኝ ስላት 'ልጄን ደም ሊያሳጧት ነው' አለች። የታጁን ኪኒን በነገው አውቶቡስ ልትልክልኝ ነው፤ የሦስት ወር።"

"አትዋጪው፣ ልጄ።"

"እማዬን እንዴት እምቢ እላታለሁ? 'አስርዬ ራሷ ናት ለወንድምሽ ያዘዘችው' ነው የምትለው። አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

አስረሳች ለኡሙሀኒ ደወለች። ኡሙሀኒ ግን ነገሩን ከሥሩ ቆረጠችው፦ "አስርዬ፣ የዛን ጊዜ ፊት ለፊት ነው የነገርሽኝ። አሁንም የምትነግሪኝ ካለሽ ፊት ለፊት ንገሪኝ። በስልክ የሚመጣ ወሬ ብዙ ነው።"

ልክ ናት፣ አለች አስረሳች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ከሎጊያ በተነሳ ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ከፊት ለፊት የሚመጡትን አውቶቡሶች በመስኮት ትቆጥራለች። ገዋኔን አልፈው ወደ አዋሽ አርባ ሲቃረቡ አንድ ትልቅ አውቶቡስ አቧራውን አልብሷቸው ወደ ሰመራ አለፈ። ልቧ "ያ ነው" አላት። ሹፌሩን አቁም ብትለው ለምን ብላ ታስረዳዋለች? ተሳፋሪው ሁሉ ይስቅባታል። አውቶቡሱ ከዓይኗ እስኪጠፋ ዞራ አየችው።

አዋሽ ሰባት ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የድሮው ጣቢያ አጥር ዝጓል፤ የአባቷ ክፍል በር ተነቅሏል። ዞራ አላየችውም፤ እግሯ ብቻ ትንሽ ዘገየ። የታጁ ቁርስ ቤት እንደ ወትሮው በተሳፋሪ ተሞልቷል። ድሮ እየሮጠ ያስተናግድ የነበረው ታጁ ዛሬ ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይቀዳል።

"ኧረ እትዬ አስረሳች! ሰመራ አከሰለችሽ አይደል?"

"አንተን ነው እንጂ ያከሰለህ።"

"የአዋሽ ፀሐይ ናት። ደንበኞቼ 'ታጁ፣ ከፉሉ ጋር አብረህ ተቀቀልክ እንዴ' ይሉኛል።"

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። አስረሳች አልሳቀችም። ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው በጥላ ሥር ነው። ቆዳው ደግሞ ፀሐይ የመታው ጥቁረት ሳይሆን ነሐስ የተቀባ ዓይነት ነው።

"ሰዓትህን አውልቀው እስቲ።"

"ልትሸልሚኝ ነው?"

"አውልቀው አልኩህ።"

አወለቀ። ከማሰሪያው ሥር ያለው ቆዳ ከሌላው አይለይም፤ እኩል ነሐስማ ነው። ታጁም አየው። ሳቁ ቀዘቀዘ።

"ፀሐይ ከሰዓት ሥር ይገባል እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አይገባም። እናትህን ጥራልኝ።"

ኡሙሀኒ ከጓዳ እጇን በነጠላዋ እያበሰች ወጣች። አቅፋ ሳመቻት፤ ቁጣዋን ግን አልተወችም። በጓሮው በኩል ካለው ጥላ ሥር ሦስቱ ብቻ ተቀመጡ።

"ኡሙዬ፣ የዛን ጊዜ የነገርኩሽ ስህተት ነበር" አለች አስረሳች። መግቢያ አዘጋጅታ ነበር፤ ጠፋባት። "ወባም አልነበረም፣ ብረትም አላነሰውም። ብረቱ ነበር ነጥብ ነጥብ ሆኖ የታየኝ። እኔ ወባ ነው አልኩ። ቸኮልኩ።"

"ብረት ካልነበረው ነው የሚገረጣው አላልሽም?"

"ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። የእሱ ግን ሌላ ነው። ብረቱ ሞልቶ ነው ደሙ የሚገረጣው። በላዩ ላይ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ኪኒን ጨመርንበት። ጉበቱ ላይ፣ ቆዳው ላይ፣ ስኳሩን በሚቆጣጠረው ላይ ሳይሆን አይቀርም የተጠራቀመው።"

ኡሙሀኒ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ብረቱ ካለ ታዲያ ምኑ ነው የጠፋው?" አለች።

"ሐሰን ጋሪውን ታስታውሺዋለሽ?"

"አላህ ይርሐመውና! ሐሰንን ማን ይረሳል? ጋሪዋ ከሩቅ ስትጮህ ሰዓት እናውቅባት ነበር።"

"ሐሰን የታመመበትን ክረምትስ?"

ኡሙሀኒ አሰበች። "ብረቱ የሰውን መተላለፊያ ዘግቶ... ባሎቻችን በመስኮት ይወጡ የነበረበት?"

"በታጁ ደም ውስጥ የጠፋው እሱ ነው። ገጣጣሚው አለ፣ ብረቱም አለ። የሚያደርሰው ነው የተበላሸው። ሲወለድም ጀምሮ። ከአንቺም ከአባቱም አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ደርሶት ይሆናል፤ አንቺ አንድ ጤነኛ ስላለሽ አትታመሚም። ሁለቱም የደረሰው ነው የሚታመመው። የማንም ጥፋት አይደለም። የኪኒኑ ግን የእኔ ነው።"

ታጁ ሰዓቱን በእጁ ያገላብጣል።

"አሥራ ሁለት ዓመት" አለ።

"አሥራ ሁለት ዓመት፣ ታጁ።"

"በረመዳን እንኳ ሱሁር ላይ ከውሃው በፊት እሱን ነበር የምውጠው።"

ታጁ ፊቱን አዙሮ ወደ መንገዱ አየ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪ እያራገፈ ነበር። በድንገት ዞረ።

"ኸሊዳስ? እሷም ናት?"

"የእሷም ደም ውስጥ ነጥቦቹ አሉ። ሐኪሟ ብረቱን ያቆየችባት ለዚህ ነው። ገና አልጀመረችም።"

"ያ ረቢ!" ኡሙሀኒ ብድግ አለች። "ልኬዋለሁ እኮ! ዛሬ ጠዋት! በሰማያዊ ከረጢት፣ ለሹፌሩ በእጁ!"

ታጁ ስልኩን አወጣ። አልተነሳም። ደግሞ መታ። ኡሙሀኒ ከአጠገቡ ቆማ ከንፈሯ በዱዓ ይንቀሳቀሳል። በሦስተኛው ተነሳ፤ የሹፌሩ ድምፅ ከገዋኔ ምሳ ቤት ጫጫታ ጋር እስከ አስረሳች ድረስ ተሰማ።

"አቤት ታጁ! ፉልህ ናፍቆህ ደወልክ ወይስ እኔ?"

"እማዬ የሰጠችህ ሰማያዊ ከረጢት የት ነው?"

"እዚሁ ከመቀመጫዬ ኋላ። ምንድን ነው ያለው፣ ወርቅ ነው?"

"ብረት ነው።"

"ለብረት በጣም ቀሎኛል እኮ!"

"ለእህቴ እንዳትሰጣት። ብትለምንህ፣ ብታለቅስ እንኳ እንዳትሰጣት። ነገ ስትመለስ ለእኔ ታመጣልኛለህ።"

"ኧረ ምን ጉድ ነው? እሺ፣ ወላሂ አልሰጥም።"

ቀጥሎ ኸሊዳ ጋ ደወለ። ብዙ አላወራም። "እማዬ የላከችው አይደርስሽም። ዶክተሯ የምትልሽን ብቻ ስሚ። አዎ፣ እማዬም አጠገቤ ናት፤ አዎ፣ እሷም ትልሻለች" አለና ስልኩን ለእናቱ አቀበለ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቁርስ ቤቱ ገባ። አስረሳችን አልተሰናበታትም። በዚያ ቤት ሻይ ሳትጠጣ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

የኸሊዳ ውጤት በስምንተኛው ቀን መጣ። እንደ ደሟ ቢሆን ዝቅ ማለት የነበረበት ፌሪቲን ከልኩ ብዙ አልፎ ወጥቷል። ዶክተር ምህረት ብረቱን ጨርሳ ከለከለችና በየሁለት ሳምንቱ ትከታተላት ጀመር። ታጁን አዲስ አበባ ላከችው። እዚያ ከመቅኒው ወስደው ሲያዩ ደም ሠሪ ሕዋሶቹ ውስጥ ብረቱ በአስኳላቸው ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ተገኘ። የዘር ምርመራው ውጭ አገር ሄዶ አራት ወር ቆይቶ ሲመጣም ያው ሆነ፤ የተበላሸው የተሸካሚው ፕሮቲን መመሪያ ነው፣ ከእናትም ከአባትም። ብረቱን ከሰውነቱ ቀስ በቀስ አጣብቆ የሚያወጣ መድኃኒት ጀመረ። ዶክተሮቹ ጉበቱ ተስፋ አለው አሉ፤ ስለ ስኳሩ ግን ቃል አልገቡም።

ኸሊዳ በጥቅምት ወንድ ልጅ ወለደች። ባሏ ባዕድ ስለሆነ ልጁ በሽታው ይኖረዋል ተብሎ አይታሰብም። ለመጠንቀቅ ያህል አስረሳች ራሷ ከተረከዙ አንድ ጠብታ ወሰደች። ልጁ እሪ አለ።

"ጥርስ የለውም እንጂ ቢኖረው ይነክስሽ ነበር" አለች ኸሊዳ።

ደሙ ጥሩ ነበር፤ ደማቅ፣ ሙሉ፣ ነጥብ የሌለው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ታጁ አንድም ቀን አልደወለላትም። ኡሙሀኒ በየጁምዓው ትደውላለች፣ ስለ ልጇ ትነግራታለች፤ በመጨረሻ ሁልጊዜ "እሱም ይመጣል፣ ተይው" ትላታለች። አስረሳችም አልለመነችም። በቀሩት ወራት የምትሠራው አንድ አዲስ ነገር ነበራት። ወባ የተባሉ ስላይዶችን ስታይ የጭፍን ነጥቦቹን ሥዕል በእርሳስ ሥላ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ከሥሩ በወፍራሙ "ዓይን አለው ወይ?" ብላ ጽፋበታለች። ባልደረቦቿ ሲስቁባት "እኔ ስሄድም እንዳታነሱት" አለቻቸው።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ በጥር መጀመሪያ፣ ያው የአውቶቡስ ሹፌር የላቦራቶሪውን በር አንኳኳ። በእጁ ሰማያዊ ከረጢት ይዟል።

"ከታጁ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከብረቱም ቀሏል።"

ከረጢቱ ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የፌሪቲን ውጤት። ከጀርባው በታጁ ጥድፊያ በተሞላበት የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

"እትዬ አስረሳች፣ ከሰዓቴ ሥር ያለው ቆዳ ፈካ ብሏል። ወይም ይመስለኛል። ቁጥሩን እኔ አላምነውም፣ አንቺ አንብቢልኝ። ቬንትሌተሩን አጥፍተሽ። ደግሞ ሳትቸኩዪ።"

አስረሳች ተነስታ ቬንትሌተሩን አጠፋች።